የመንግሥት ጉርሻ

አንጓች የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታ፣ እናቷ ከአንዲት እንግዳ ሴት ጋር ስታወራ ሰምታለች። እንግዳዋ ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አታውቅም። ድምጿ ወፈር ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው ነበር፤ ምናልባት ለለቅሶ ከሩቅ የመጣች ዘመድ ትሆናለች። ከዚያ ሁሉ ወሬ በጆሮዋ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ይኸን ሁሉ ሰው አጉርሰሽ፣ አጉርሰሽ፣» አለች እንግዳዋ፣ «አንቺ ራስሽ መቼ ነው የምትበዪው?»

እናቷም «እኔማ…» ብላ ጀመረች። ልክ ያን ጊዜ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደበትና የቀረውን በላው። ጋብ ሲል ሁለቱም ሴቶች እየሳቁ ነበር።

በ«እኔማ» እና በሳቁ መካከል የቀረውን ክፍት ቦታ አንጓች ራሷ ሞላችው። «እኔማ ሰው ሲበላ ሳይ እጠግባለሁ» ብላ መሆን አለበት ብላ ወሰነች። እናቷ ቃሉን ሳትደግመው አረፈች፤ ልጅቷም ጠይቃት አታውቅም። ይሁንና በዚያች መልስ ሃምሳ ዓመት ኖረችባት፤ አገባችባት፣ ልጅ አሳደገችባት፣ ባሏን ቀበረችባት። በዳንግላ ከተማ በአንጓች ደስታው ቤት የመጀመሪያው ጉርሻ ወደ ባለቤቲቱ አፍ የገባበትን ቀን አየሁ የሚል ሰው ተፈልጎ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ደግ ነገር ነበር፣ ክትባቱ የሚጎረስ እስኪሆን ድረስ።

በሁለት ሺህ ሰማኒያ አንድ ዓመተ ምሕረት መርፌን የሚያውቁት ልብስ ሰፊዎች ብቻ ናቸው። ክትባት በአፍ ነው የሚሰጠው፤ የሚነበበውም ከአፍ ነው። ባቡር ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ወይም የቀበሌ አዳራሽ የሚገባ ሰው በሩ ፊት ይቆምና አፉን ይከፍታል፤ በሩ ምላሱን ያያል፤ ካየም በኋላ በለሰለሰ የሴት ድምፅ «ይለፉ አባቴ» ወይም «ይለፉ እናቴ» ይላል። ታላቅ ሰው ባለበት ምላስ ማውጣት ነውር ስለሆነ ሴቶቹ በነጠላቸው፣ ወንዶቹ በባርኔጣቸው ከለል ብለው ነው የሚያሳዩት። ጠዋት ጠዋት ጣቢያው በር ላይ የተሰለፈውን ሰው ከሩቅ ያየ፣ ሁሉም ተራ በተራ ለበሩ ምስጢር የሚነግር ይመስለዋል።

ክትባቱ እዚህ የደረሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ምላስ ላይ የሚሟሟ ስስ ወረቀት ነበር፤ ሰዉ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሲያማትብ በጣቱ ላብ እየሟሟ አስቸገረ። ቀጥሎ ማስቲካ መጣ። ጥርስ የሌላቸው ሳያኝኩ ዋጡት፤ ጥርስ ያላቸው ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ማስቲካ ከማላመጥ ቢታመሙ መረጡ። ከረሜላውን ሕፃናት ጨረሱት። በአፍ የሚነፋው ሲመጣ ሰዉ አስነጠሰና ግማሹ ክትባት ለግድግዳ ተሰጠ። በመጨረሻ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው አባላት የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ የሕዝቡን ባህል አጥንተን መጥተናል አሉ። አንድ ጉርሻ የሚያህል ለስላሳ ነገር ሠሩ፤ የጾሙን በተልባና በሱፍ፣ የፍስኩን በቅቤና በአይብ። ጣፈጠ። ማንም ሳይዋሽ፣ ጣፈጠ። የተሰጠው ስም ረጅም ስለነበር ሕዝቡ በአጭሩ «የመንግሥት ጉርሻ» አለው።

በየሦስት ወሩ ለየቤቱ፣ በቤተሰቡ ልክ፣ ሣጥን ይታደላል። ሣጥኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው መመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እያንዳንዱ ሰው የራሱን በራሱ እጅ ይጉረስ።» ክትባቱ የሚመዘገበው ጉርሻውን ባነሣው እጅ ስም ነውና። ዳንግላ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር ያላነበበ የለም፤ ያመነበት ግን አልተገኘም። ሰዉ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ብሎ አለፈው።

የመጀመሪያው ሣጥን የታደለው በወር መባቻ ጠዋት ነው። በወር መባቻ ደግሞ የሰፈሩ የንስሐ አባት አባ ይትባረክ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠበል ይረጫሉ። ዐሥራ አራት ቤት ገቡ። በዐሥራ አራቱም ቤት የመጀመሪያው ጉርሻ ለእሳቸው ተነሣ። በቃኝ ባሉ ቁጥር «በሞቴ» ተባሉ፤ «አፈር ስሆን» ተባሉ፤ በአንዱ ቤትማ ባለቤቲቱ ጉርሻውን ይዛ ደጅ ድረስ ተከተለቻቸው። በሞቴ የተባለ ሰው አፉን ይከፍታል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል። የራሳቸውን ድርሻ ደግሞ ከሁሉ በፊት ለደጀ ሰላሙ ዘበኛ አጉርሰውት ነበር የወጡት።

በማግስቱ አባ ይትባረክ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ጣቢያው በር ላይ አፋቸውን ከፈቱ። በሩ ሁልጊዜ ከሚያስበው በላይ አሰበ። ከዚያም፣

«እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ዐሥራ አራታችሁም እለፉ» አላቸው።

ባቡሩ ውስጥ ዐሥራ አራት ወንበር ተይዞላቸው ጠበቃቸው። ሰው ቆሞ እሳቸው በባዶ ወንበሮች መካከል ብቻቸውን መቀመጥ ስላሳፈራቸው አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጠርተው አጠገባቸው ሊያስቀምጡ ሞከሩ፤ ወንበሩ «ይቅርታ፣ ይህ ቦታ የወይዘሮ አንጓች ደስታው ነው» ብሎ ከለከላት። አባ እስከ ባሕር ዳር ቆመው ሄዱ። ከዐሥራ አራቱ ስም አንዱም የእሳቸው አልነበረም። የእሳቸው ስም ዘበኛው አፍ ውስጥ ነው ያለው፤ ዘበኛው በዚያው ሳምንት ጥርሱን ሊታይ ሆስፒታል ቢሄድ በሩ «ይባርኩን አባ» ብሎ ተቀበለው፤ እሱም ደንግጦ ባረከው ይባላል።

ሰው በዚህ ሲስቅ ከረመ። ሌላው ቀስ በቀስ ሥራውን ተማረ፤ እየተሳቀቀም ቢሆን በር ዘግቶ የራሱን መጉረስ ጀመረ። አንጓች ግን በር ብትዘጋም አልሆነላትም፤ ሣጥን በመጣ ቁጥር ወጥታ እንግዳ ፈልጋ ታስገባ ነበር። ሦስት ሣጥን መጣ፣ ሦስት ሣጥን ሄደ። እሷ ከቤቷ ርቃ የምትሄድ ሴት ስላልነበረች በሩም አላስቸገራት።

አሁን ግን አንዲት ልጇ ስመኝ ባሕር ዳር ላይ ልትወልድ ዘጠኝ ቀን ቀራት። የመጀመሪያ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ የልጅቷ እናት አጠገቧ ትገኛለች፤ ይህን የሚሽር አዋጅ እስካሁን አልወጣም። አንጓች የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ሻንጣዋን አስራ ጣቢያ ሄደች። በነጠላዋ ከለል ብላ አፏን ከፈተች።

«እናቴ፣ አፍዎ ባዶ ነው። ይመለሱ» አላት በሩ።

ከኋላዋ ግማሽ ዳንግላ ተሰልፏል። ጎረቤት አለ፤ የዕድር ሰው አለ፤ ከእጇ ያልጎረሰ የለም። አንጓች ነጠላዋን አስተካከለችና ለበሩ በዝግታ መለሰችለት።

«አፌ ባዶ የሆነው ቤቴ ሙሉ ስለሆነ ነው።»

«ይመለሱ እናቴ» አለ በሩ።

ተመለሰች። ማታውን ስመኝ ደወለች። ስመኝ የምትፈራ ልጅ አይደለችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የጎረቤት ውሻ የምትገሥጽ ናት። ስለ አልጋው፣ ስለ አዋላጇ፣ ስለ ባሏ ጭንቀት እየቀለደች አወራች። መጨረሻ ላይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ያለ አንቺ ግን አልችለውም» አለች። ወዲያው ደግሞ ወሬ ለወጠችና ስለ ድንች ጠየቀቻት። አንጓች ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ጊዜ ጥጉ ላይ የተከመረውን ድንች እያየች ተቀመጠች።

የሚቀጥለው ሣጥን የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በጤና ጣቢያው ያለችው ሲስተር ሕሊና ግን ለአስቸኳይ የተቀመጡ ሁለት ጉርሻዎች ነበሯት። ሲስተር ሕሊና ትዕግሥተኛ ልጅ ናት፤ ትዕግሥቷን ያገኘችው በማስቲካው ዘመን ነው ይላሉ። ማክሰኞ ዕለት አንዱን ይዛ መጣች። እትዬ አንጓችን ፊት ለፊት አስቀምጣ ደጋግማ አስረዳቻት፤ በራስዎ እጅ፣ ወደ ራስዎ አፍ፣ ሌላ ምንም የለም አለቻት። አንጓች ገብቶኛል አለች፤ በእርግጥም ገብቷት ነበር። እጇን ታጠበች፣ አማተበች፣ ጉርሻውን በሦስት ጣቷ አሳምራ አነሣችው።

በሲስተር ሕሊና አፍ ውስጥ አገኘችው።

እንዴት እንደሄደ አላየችም። እጇ መንገዱን ያውቃል፤ እሷን አያስፈቅድም። ሲስተር አፏ ሞልቶ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ታያታለች።

«ምነው ልጄ፣ አነሰሽ?» አለቻት አንጓች።

ሲስተር በስንት ትግል ዋጠች። ወደ ሥራዋ ስትመለስ የጤና ጣቢያው በር «እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ አንጓች፤ ሲስተር ሕሊናም አብረው ይግቡ» አላት። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጥቂት አሰበችና ወደ አባ ይትባረክ ሄደች።

ረቡዕ ሦስቱ በአንጓች ቤት ተሰበሰቡ። የቀረችው ጉርሻ አንዲት ናት፤ ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ የጾሟን ነው ሲስተር ያመጣችው። ጾም ይሽራል አይሽርም የሚለው ጥያቄ ተነሣ። አባ ይትባረክ ጢማቸውን እየነኩ አሰቡና፣ መድኃኒት ጾም አይሽርም፣ ይኼኛው ግን አጉል ስለሚጣፍጥ ለማንኛውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቅ አሉ። ሣጥኑ አንዴ ከተከፈተ ጉርሻዋ የምትቆየው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደተዘጋ መሶቡ ላይ አስቀምጠውት ዙሪያውን ተቀመጡ።

ሲስተር ሰዓቱ እስኪደርስ ልምምድ እናድርግ አለች። አንጓች ባዶ እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ መለሰች፤ ደግሞ ወሰደች። ዐሥር ጊዜ ያለ ስሕተት ሠራችው። ሲስተር ደስ አላት። አባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ባዶ እጅማ ማንም ወደ ራሱ ይወስዳል፤ ችግሩ ሲሞላ ነው አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አባ ጸሎት አደረጉ። ሣጥኑ ተከፈተ። የተልባው ሽታ ቤቱን ሞላው። አንጓች እጇን ታጥባ ጉርሻዋን አነሣች። እጇ መሶቡን ተሻገረ። ወደ አባ ሄደ።

አባ ይትባረክ ይህን ጠብቀውት ነበርና ከንፈራቸውን ገጥመው መዳፋቸውን ደረቡበት።

«በሞቴ፣ አባቴ» አለች አንጓች። ቃሉ አምልጧት ነው።

አባ ይትባረክ በስድሳ ዓመት የክህነት ዘመናቸው በሞቴ ተብለው እምቢ ብለው አያውቁም።

«ልጄ፣» አሉ ከመዳፋቸው ሥር፣ «እኔ ዐሥራ አራት ሰው ነኝ። ዐሥራ አምስተኛ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።»

አንጓች እጇን መለሰች፤ ጉርሻዋን ግን ወደ አፏ አልወሰደቻትም። እንደያዘቻት ጭኗ ላይ አሳረፈቻት። ሲስተር ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ከዐሥር። ያን ጊዜ አንጓች ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገር አወራች፤ መጋረጃውን፣ እንግዳዋን፣ የእናቷን መልስ። ሰው ፊት ራሷን ብታጎርስ የእናቷን ቃል የምታፈርስ እንደሚመስላት ነገረቻቸው። አባ ይትባረክ ሳያቋርጡ ሰሙ። ስትጨርስም ሌላ ነገር ጠየቁ።

«እናትሽ ቀጭን ነበረች ወይስ ወፍራም?»

አንጓች ደነገጠች። «ደልደል ያለች ነበረች፣ ነፍሷን ይማር።»

«እኔ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ሰው ሲበላ እያየ ደልደል ያለ ግን አላጋጠመኝም።» ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «ያን መልስ በጆሮሽ ሰምተሻል?»

«መጀመሪያውን ሰምቻለሁ። ከዚያ ዝናብ መጣ።»

«ሲያበቃ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ይስቁ ነበር።»

«ሰው ሲበላ ሳይ እጠግባለሁ ብትል እንግዳዋ ታለቅሳለች እንጂ ትስቃለች?» አሉ አባ። «እኔማ ወጥ ስሠራ እቀምሳለሁ ብላት ይሆናል። እኔማ ከሁላችሁም ቀድሜ ጓዳ በልቻለሁ ብላትም ይሆናል። እንግዲያስ ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የታዘዝሽው ለእናትሽ አይደለም። ለዝናቡ ነው።»

ሲስተር ሕሊና ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንጓች አልሳቀችም። የእናቷ ጓዳ ታያት፤ ከምድጃው አጠገብ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ትንሽ ጣባ ታየቻት። ያቺ ጣባ ለማን እንደነበረች ጠይቃ አታውቅም። በልጅነቷ የድመት ናት ብላ ታስብ ነበር። ድመት ግን አልነበራቸውም።

ዘጠኝ ከሃያ ሆነ።

«ስመኝ ያለ አንቺ አልችለውም ብላኛለች» አለች አንጓች ለራሷ ያህል።

ከዚያ ቅድመ ሁኔታ መደርደር ጀመረች፤ ሲስተር እሷ ስትደረድር ስታይ ተስፋ አደረባት። አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ ቄስ ሳይቀምስ ስትጎርስ ሊያዩዋት አይገባም። አባ ዞሩ። ሲስተርም ትዙር አለች። ሲስተር ደንቡ የዓይን ምስክር ይፈልጋል ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ተከራክረው ተከራክረው በአንድ ዓይን እንድታይ ተስማሙ። ሲስተር ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ካለቀ በኋላ ደግሞ ለሁለቱም ማምለጥ የለም፤ ጓዳ የሽሮው ድስት ተጥዷል፤ ከእጇ ይጎርሳሉ፣ አንድ ብቻ ደግሞ አይሆንም። እሺ ተባለች።

ዘጠኝ ከሃያ አምስት። ጉርሻዋ ከአንጓች አገጭ ሥር ደረሰችና ቆመች።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ፣ እትዬ?» አለች ሲስተር በአንድ ዓይኗ።

አንጓች በጣም አፈረች። ድምጿ ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ አለ።

«ሰው ሳይለምነኝ ልጉረስ?»

ሲስተር የሣጥኑን ክዳን ገልብጣ አየች። በመመሪያው ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም። ግድግዳው አጠገብ አባ ይትባረክ ወደ ምሥራቅ እንደቆመ ሰው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዕድሜያቸው ስንት ሺህ ጊዜ የተባሉትን፣ አንድ ቀን ግን ለማንም ብለው የማያውቁትን ቃል አወጡት።

«በሞቴ፣ አንጓች» አሉ፣ ለግድግዳው።

በሞቴ የተባለ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል።

«እሺ፣ አባቴ፣» አለች፣ «እጎርሳለሁ።»